ግድፈት

ቀዳም ሥዑር ረፋድ፣ ዴር ሱልጣን ጣራ ላይ፣
ከጭቃው ጎጆ ጥግ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ካህኑ ሰላምን በቄጤማ አስረው ለሰዉ ሲያድሉ
እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ «እንኳን አደረሰሽ» አሉ።
ግንባሬ ላይ ሸብ አደረግሁት።

አክፋይ ነኝ። ከሐሙስ ማታ ወዲህ ውኃ አልቀመስኩም፤
ምራቄንም ቢሆን ሳላስብ አልውጥም።
ስግደቴን ቆጥሬዋለሁ፤ ትናንት ብቻ አራት መቶ አንድ፣
ጉልበቴ ይመስክር፣ ያበጠው እንደ ግንድ።
(አንዷን ስለተጠራጠርኩ ነው የጨመርኩባት።)

ከመንዝ የመጡ ተሳላሚ እናት ከጎኔ ቆመዋል፤
«ታድለሽ» አሉኝ፣ «ጌታ በረገጠው ማደር ተሰጥቶሻል።
ለመሆኑ እዚህ አገር ማን አለሽ፣ ልጄ?
ዘመድ? ወይ ጓደኛ?»
«ማንም የለኝ» አልኳቸው።
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰንቅሮ ቀረ።

ትርንጎ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነሐሴ፣ ፍልሰታ፣
ቴል አቪቭ፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ አንድ ማታ፣
ሥራ ፈትታ ሁለት ወር፣ የኪራይ ድርሻዋ ቢጎድል፣
ሻንጣዋን ደረጃ ላይ አወጣሁት።
ያስያዘችኝ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሸቀል
እኔው ጋ ቀረ።
በዚያ ገንዘብ ለታቦቱ ባለዘርፍ ጥላ ገዛሁ፤
በዓውደ ምሕረት ስሜ ተጠርቶ እልል ሲባል አንገቴን ደፋሁ፣
ትሑት መስዬ።
ሻንጣዋን ባወጣሁ ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት
እህል በአፌ አልዞረም።
እኔ ጾም ገድፌ አላውቅም።
የገደፍኩት ሰው ነው።

ከሰልፉ ወጣሁ።
«ምነው ልጄ፣ ብርሃኑ ሊወጣ፣ ተራሽ ሊያልፍ?» አሉኝ ደንግጠው።
ሠላሳ ሦስቱን ሻማ በእጃቸው አስያዝኳቸውና ሄድኩ፤
የፖሊሱን አጥር ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገፋ
እኔ ወደ ውጭ ገፋሁት።

ሰንበታቸው ነው፤ አውቶቡስ የለም፤ ባቡሩም ተኝቷል፤
የባንኩ ማሽን ከሁለት ሺህ ወዲያ «አልሰጥም» ብሏል፤
ከቦርሳዬ ጥግ ሰባት መቶ አራግፌ ጨመርኩበት።
በነቢያት መንገድ ጫፍ አንድ ሚኒባስ ሰው ይጠራል፤
ሾፌሩ ቄጤማዬን አይቶ «ራስሽን ያምሻል?»
«አዎን» አልኩት።
በሦስት ቀን ውስጥ የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነበር።

መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ጥዱ፣ ድንጋዩ፣ ጥምዝምዙ ሁሉ ያልፋል።
ከኢየሩሳሌም የሚወርድ ሰው ወንበዴ ያገኘዋል ይባላል፤
እኔ ግን ወንበዴዋን አሳፍሬ ነበር የምወርደው፣
በገዛ ወንበሬ፣ ቀበቶዋን አስሬ።

በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ከሲታ ሆናለች።
የሰው ልጆች ትጠብቃለች፤ ሰባት ሕፃን ምንጣፍ ላይ አስተኝታለች፤
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለች።
ገንዘቡን ዘረጋሁ። ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረች።
«አርባ ይጎድላል።»
«የመኪና ነው።»
«ነገ አምጪ።»
«ነገ ፋሲካ ነው።»
«አውቃለሁ።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አላለችም፤
ፊቷ አልተፈታም፤
በሩን ግን አልዘጋችም።

ከዚያ ግድግዳው ዞረብኝ። ያ ሻንጣ በተቀመጠበት ዓይነት
ቀዝቃዛ ደረጃ ላይ ተዝለፍልፌ ወደቅሁበት።
ጥንቸል የተሳለበት የሕፃን ኩባያ ውኃ ሞልታ
አፌ ድረስ አመጣችው፤ «ጠጪ» አለች፣ ተቆጥታ።
ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት፤ አክፍሎቴ እስኪፈታ
ስንት ሰዓት ቀርቶት፣
ስግደቱ፣ ቁጥሩ፣ ያቺ የተጠራጠርኳት አንዷ ሁሉ
ዓይኔ ሥር እየቆሙ፣
ጠጣሁት።

ከኋላዋ አንዱ ሕፃን ነቅቶ፣
ጣቱን ወደ ግንባሬ ቀስሮ፣
«ሣር!» አለ።
ፈትቼ ሰጠሁት።